በሰንጋው አንገት ላይ ያገኘሁት ቢጫ እብጠትና መድኃኒት የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎች

ባለ ሉካንዳው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ ከአባቴ የተረከብኩትን ሉካንዳ ቤት የማስተዳድር ሰው ነኝ፤ ከሉካንዳው ጎን ደግሞ ቁርጥ፣ ክትፎና ዱለት የምናቀርብባት ስድስት ጠረጴዛ ያላት ክፍል አለችን። ባለፈው ቅዳሜ፣ ሌሊት ታርዶ ንጋት ላይ የደረሰልንን ሰንጋ ስበልት፣ ከአንገቱ ጡንቻ መካከል የሎሚ መጠን ያለው ጠንከር ያለ እብጠት ቢላዬን ያዘው። ስከፍተው ውስጡ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ሥጋም የተቀቀለ ይመስል ገርጥቷል። ሽታ አልነበረውም፣ የተቀረው ሥጋ ቀይና ጤናማ ነው፣ የምርመራው ማህተምም በቦታው አለ። እብጠቱን ቆርጬ ጣልኩት፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም።

በዚያው ዕለት ምሳ ሊበላ ለመጣ፣ በሙያው ፋርማሲስት ለሆነ ደንበኛችን ነገሩን ስነግረው «ይህ መርፌ የተወጋበት ቦታ ነው፤ ምናልባትም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሆናል» አለኝ። ቀጥሎም «እኔን የሚያሳስበኝ ግን እብጠቱ ሳይሆን አንጀቱ ነው፤ በድልብ ከብት አንጀት ውስጥ ስላሉ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ብታነብ ዱለቱን ከምናሌህ ታወጣዋለህ» አለ፤ ይህን ብሎ ሲያበቃ ክትፎውን ጥሬውን አዝዞ በልቶ ሄደ።

እንግዲህ ያልገባኝ ይህ ነው። በሥጋው ውስጥ ቀረ የሚባለው መድኃኒትና «መድኃኒት ተላመደ» የሚባለው ባክቴሪያ አንድ ነገር ናቸው ወይስ የተለያዩ? እኔ የምሸጠው ሥጋ ሆኖ ሳለ ስለ ከብቱ አንጀት የምጨነቀው ለምንድን ነው? ሰንጋውን የሚያቀርብልኝን ነጋዴስ ምን ብዬ ልጠይቀው? «ተወግቷል ወይ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በጭራሽ!» ነው።

የእንስሳት ሐኪም

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዚህ መልክ ለያይተው ማቅረብዎ ራሱ ግማሽ መልስ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው እንኳ ሁለቱን ነገሮች ሲያደባልቃቸው እሰማለሁ።

ከእብጠቱ ልጀምር። የመርፌ ቦታ መሆኑ በእጅጉ ያስኬዳል። ኦክሲቴትራሳይክሊን በተፈጥሮው ቢጫ ነው፤ በተለይ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም የያዘውና ገበያ ላይ «20 በመቶ» የሚባለው፣ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ተደርጎ የተዘጋጀው ዓይነት፣ የተወጋበትን ጡንቻ ያቆጣል፤ ለዚህም ነው በአንድ ቦታ ላይ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይወጋ የሚመከረው። አንገት የሚመረጠውም ጉዳት ቢደርስ ውድ የሆነው የኋላ ሥጋ እንዳይበላሽ ነው። እብጠቱን ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማስወገድ ትክክል ነው፤ ለውሻም ባይሰጡት መልካም ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ነገሮች። የመጀመሪያው የመድኃኒት ቅሪት ነው። ከብቱ ታክሞ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሳይወጣ ቢታረድ በሥጋው፣ በጉበቱና በኩላሊቱ ውስጥ መድኃኒት ይቀራል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለዚህ መድኃኒት ያስቀመጠው ከፍተኛ ልክ በኪሎ ሥጋ 200 ማይክሮ ግራም፣ በኪሎ ጉበት 600፣ በኪሎ ኩላሊት ደግሞ 1200 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከቁጥሩ እንደሚረዱት መድኃኒቱ በሚጣራባቸውና በሚወጣባቸው ብልቶች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ከዚህ ልክ በታች እስኪወርድ የሚጠበቀው ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ ይባላል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው የ20 በመቶ ዓይነት ጠርሙስ ላይ ከብቱ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 28 ቀን ሳይሞላው እንዳይታረድ ተጽፏል። የእርስዎ ሰንጋ እብጠቱ እንዲያ ገና ቢጫ ከነበረ፣ ይህን ያህል ቀን ቆይቷል ብሎ መማል ይከብደኛል።

ሁለተኛው ነገር ባክቴሪያው ነው፤ እሱ ደግሞ የመጠበቂያ ጊዜ አያውቅም። በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ብቻ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከብቱ ሣርና ድርቆሽ የሚፈጨው በእነሱ ነው። ወደ ታች ወደ አንጀቱ ሲወረድ ደግሞ ኢ. ኮላይ፣ ኢንቴሮኮከስ፣ አልፎ አልፎም ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር ይገኛሉ። አንገቱ ላይ የተወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን በደም ተዘዋውሮ ጉበት ይደርስና ከፊሉ ከሐሞት ጋር ተመልሶ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። በመሆኑም በሳንባ ምች ምክንያት የተወጋ በሬ፣ ማንም ሳያስበው፣ የአንጀቱ ባክቴሪያዎችም አብረው ታክመዋል። መድኃኒቱን የማይችሉት ይሞታሉ፤ መቋቋሚያ ያላቸው ጥቂቶች ግን ሜዳው ተለቅቆላቸው ይራባሉ። መድኃኒቱ በ28 ቀን ከሥጋው ጠፋ ማለት እነዚህ ጠፉ ማለት አይደለም። ስለዚህ ነጋዴዎ የመጠበቂያ ጊዜውን በሐቀኝነት ጠብቆ ቢያመጣልዎት እንኳ የፋርማሲስቱ ስጋት ባለበት ይቆያል።

ነገሩን የሚያከፋው መቋቋሚያው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መተላለፉ ነው። ፕላዝሚድ የምንላት ክብ የዘረመል ቁራጭ ለቴትራሳይክሊን (የኦክሲቴትራሳይክሊን ወገን ነው)፣ ለሰልፋ፣ ለስትሬፕቶማይሲንና ለአምፒሲሊን መቋቋሚያ የሚሆኑትን በአንድነት ተሸክማ ልትጓዝ ትችላለች። ከብቱ የተወጋው አንዱን ብቻ ሆኖ ሳለ አራቱንም የተላመደ ባክቴሪያ ይበዛበታል፤ አንዱን ጓደኛ ጋብዞ ሦስት ተከታይ እንደሚመጣው ማለት ነው።

ስለ ሥጋው ላነሱት ደግሞ፣ የጤነኛ ከብት ጡንቻ ከቆዳው ሥር ሳለ ከባክቴሪያ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው ሥጋው ላይ የሚመጣው በሚገፈፍበት ጊዜ ከቆዳው ላይ ካለው እበት፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከሚፈሰው ፈርስ፣ እንዲሁም ከቢላ፣ ከእጅና ከመዘፍዘፊያ ውሃ ነው። የፊንጢጣውና የጉሮሮው ጫፍ ታስሮ ሆድ ዕቃው ሳይበሳ ከወጣ ግማሹ ሥራ ተጠናቋል።

አንጋፋው በላተኛ

ልጄ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ቁርጥ መብላት የጀመርኩት ጥርሴ ሥጋ መቁረጥ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ኮሶ ሲይዘኝ ኮሶዬን ጠጥቼ፣ በአዋዜና በካቲካላ አወራርጄ እዚህ ደርሻለሁ። አባቶቻችንም እንዲሁ። በየጊዜው አዲስ ስም እየወጣለት የሚመጣው ስጋት ሉካንዳውን ለማዘጋት ካልሆነ በቀር ጥቅሙ አልታይ ብሎኛል። አንድም ቀን ቁርጥ በልቼ «መድኃኒት የተላመደ» ነገር ይዞኝ አያውቅም።

የካልቸር ክፍል

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሆኖም የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን «ይዞኝ እንደሆነ አላውቅም» ብለው ቢያስተካክሏት ይሻላል፤ ምክንያቱን በሥራዬ በኩል ላስረዳ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ቤተ ሙከራ ሲሆን ዋና ሥራዬ ካልቸር ማንበብ፣ ማለትም ባክቴሪያን በሳህን ላይ አብቅሎ መለየት ነው። ከበሬ ፊንጢጣ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ማኮንኪ አጋር በሚባለው ሳህን ላይ ሲዘራ፣ በማግስቱ ጠዋት የኢ. ኮላይ ነጠብጣቦች ደማቅ ሮዝ ሆነው ይታያሉ። ከእነዚያ አንዱን ለቅመን፣ በጨው ውሃ በልክ በጥብጠን፣ ሙለር ሂንተን በሚባል ሌላ ሳህን ላይ በስሱ እንቀባዋለን፤ በላዩም መድኃኒት የያዙ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የሚያንሱ ክብ ወረቀቶችን እንደረድራለን። በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል ካደረ በኋላ መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይተዋል። የተላመደው ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ እንደ ምንጣፍ ወፍሮ ይበቅላል። ቴትራሳይክሊን ከሆነ ቀለበቱ ዳር እስከ ዳር 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን መድኃኒቱ ይሠራል እንላለን፤ 11 እና ከዚያ በታች ሲሆን ግን ባክቴሪያው ተላምዷል። ማስመሪያ ይዞ ይህን የሚለካ ሰው፣ ቀለበት ሳይኖር የሚለካው ሲያጣ ነገሩ በቃላት ከመስማት በላይ ይገባዋል።

ጋሼ «አልያዘኝም» ያሉት ላይ ልመለስ። ኮሶ ሲይዝ ይታያል፤ ሰውም ያውቀዋል። መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ ግን ሲበላ በአብዛኛው ምንም አያደርግም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ዝም ብሎ አንጀት ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም መቋቋሚያውን ለነባሮቹ ባክቴሪያዎች አውርሶ እሱ ይሄዳል። ከወራት በኋላ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ያው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባ የታዘዘው መድኃኒት አልሠራ ይላል። በዚያን ጊዜ ከስንት ወር በፊት የተበላውን ዱለት የሚያስታውስ ማን አለ? ነገሩ በዚህ ምክንያት በጣት ለመጠቆም አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል።

አስቸጋሪ ነው ማለት ግን አልታየም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ሌቪ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሙከራ አለ። በማሳቹሴትስ ባለ አንድ እርሻ ላይ ለዶሮዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ ሰጥተው፣ የዶሮዎቹንም የእርሻው ቤተሰቦችንም ዓይነ ምድር ይመረምሩ ነበር። የዶሮዎቹ አንጀት ባክቴሪያ ወዲያው መድኃኒቱን ተላመደ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱን ያልወሰዱት የቤተሰቡ አባላት አንጀት ውስጥም የተላመዱት በዝተው ተገኙ። ያ ዶሮ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ሰንጋ ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ እንዲያውም ሥጋው በጥሬው በሚበላበት አገር መንገዱ ከእርሻው ቤተሰብ መንገድ ያጥራል።

ካቲካላን በተመለከተ፣ ለእጅ ማጽጃ የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ መለኪያዋ ሆድ ገብታ ከምግብና ከፈሳሽ ጋር ከተደባለቀች በኋላ የሚቀራት ኃይል ለጨዋታ እንጂ ለባክቴሪያ አይበቃም። አዋዜውም ያው ነው።

በሌላ በኩል ፋርማሲስቱ እንድታነቡ የጋበዟችሁን ጥናቶች ስታነቡ ጥንቃቄ አይለያችሁ። አገራችን ውስጥ በዚህ ርዕስ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም የናሙናቸው ቁጥር 384 ነው፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ተማሪውን ብትጠይቁት ቀመሩን ይነግራችኋል እንጂ ለምን ለእሱ ጥናት እንደሚስማማ አይነግራችሁም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኢ. ኮላይን በቫንኮማይሲን ወይም በፔኒሲሊን ጂ ፈትኖ «መቶ በመቶ ተላምዷል» ብሎ መጻፍ ነው። ኢ. ኮላይ በውጫዊ ሽፋኑ ምክንያት እነዚህን መድኃኒቶች ከጥንቱም አያስገባም፤ ከብት አድላቢው ምንም አላደረገውም። በተጨማሪም ከፊንጢጣ የተወሰደ ናሙና ከብቱ ምን እንደተሸከመ ይናገራል፤ ከተሰቀለው ሥጋ ላይ የተወሰደ ናሙና ደግሞ በላተኛው ምን እንደሚደርሰው ይናገራል። የመጀመሪያውን ቁጥር አንሥቶ «የምንበላው ሥጋ ይህን ያህል በመቶው…» ማለት ስሕተት ነው።

መቋቋሚያውም በሰው መርፌ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በካናዳ ዩኮን ግዛት በ30 ሺህ ዓመት የበረዶ አፈር ውስጥ ለቴትራሳይክሊን መቋቋሚያ የሚሆኑ ዘረመሎችን አግኝቷል። ቴትራሳይክሊንም ሆነ ስትሬፕቶማይሲን መጀመሪያ የተገኙት ከአፈር ባክቴሪያዎች ስለሆነ ይህ አይገርምም። ስለዚህ ተወግቶ የማያውቅ የቦረና በሬም ቢሆን ጥቂት የተላመዱ አይጠፉበትም፤ መርፌው የሚያደርገው ጥቂቱን ብዙ ማድረግ ነው።

አድላቢ

ከአዳማ መስመር ለአዲስ አበባ ሉካንዳዎች ድልብ ሰንጋ አቀርባለሁ። የነጋዴው «ኧረ በጭራሽ» የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ልናገር።

ሰንጋው ከቦረና ወይም ከሐረር በኩል በአይሱዙ ተጭኖ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ ነፋስና አቧራ ሲመታው ውሎ አድሮ ይደርሳል። ከወረደ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ አንዳንዱ ያስላል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ መኖ ይተዋል። እኔም ከስምንት ዓመት በፊት ስጀምር የማደርገው እንደ ጎረቤቶቼ ነበር፤ የታመመውንም ያልታመመውንም በአንድ ላይ አሰልፎ ኦክሲቴትራሳይክሊን መውጋት። መድኃኒቱን ያለ ማዘዣ እገዛለሁ፤ መጠኑን በዓይኔ እገምታለሁ፤ አንዱ ጠርሙስ ለስምንቱም ሰንጋዎች እንዲዳረስ ስል ለእያንዳንዱ እቀንስበታለሁ። በኋላ ያገኘሁት ሐኪም ይህን ሲሰማ «ባክቴሪያውን እያሠለጠንከው ነው» አለኝ። የቀነስኩት መጠን የታመመውን አላዳነም፤ በአንጀት ያለውን ግን አስተምሮታል።

ሌላው ያስቸገረኝ ነገር መድኃኒት ሁሉ አንድ መስሎ መታየቱ ነው። አይቨርሜክቲን ለጥገኛ ነው፣ አልቤንዳዞል ለሆድ ትል ነው፣ ለገንዲ የሚወጋውም ባክቴሪያን አይነካም። ነጋዴውን «ተወግቷል?» ስትሉት የትል መድኃኒቱንም አስቦ፣ ሰንጋው እንዳይመለስበት ፈርቶ «በጭራሽ» ይላል። ጥያቄው ቢቀየር መልሱም ሊቀየር ይችላል። «መጨረሻ የተወጋው መቼ ነው? የጠርሙሱ ስም ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን የደረሰውን ሰንጋ ለብቻ በረት አስገብቼ፣ መጀመሪያ ውሃና ድርቆሽ ብቻ እሰጠዋለሁ፤ ፋጉሎውንና ፉርሽካውን ቀስ በቀስ ነው የምጨምረው፤ በአንዴ ከተሰጠው ሆዱ ይቆመጥጥና ሌላ በሽታ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት የሚያስለውን ብቻ ሙቀቱን እለካለሁ። የበሬ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ አልፎ ካየሁ ሐኪሙን እጠራለሁ። የተወጋው ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለትና ቀኑ ደብተር ላይ ይጻፋል። ከስምንቱ አንድ ወይም ሁለት ነው የሚወጋው፤ ያወጣሁት የመድኃኒት ገንዘብም ቀንሷል። እውነቱን ለመናገር ይህን የማደርገው ለባክቴሪያው አስቤ ሳይሆን ለኪሴ አስቤ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም

አድላቢው ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ጽፈዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሌላው ዓለም ዋናው ሙግት ከብት ቶሎ እንዲወፍር መኖ ውስጥ በየቀኑ ስለሚጨመር አንቲባዮቲክ ነበር፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ይህን ከልክለዋል፤ አሜሪካም ከ2017 ጀምሮ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ለማወፈሪያነት መጠቀም አስቁማለች። የእኛ አገር ችግር ግን በአብዛኛው ከመኖው ይልቅ በመርፌው በኩል ነው፤ ያለ ሐኪም የሚገዛና በግምት የሚወጋ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቶ ሳለ ነገሩ በበረቱ ደጃፍ ላይ የሚወሰነው አሁንም በባለ በረቱ እጅ ነው።

ደግሞም ሸክሙን ሁሉ በከብቱ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል፤ ለዚህ ሰው ራሱ ለጉንፋን የሚውጠው አሞክሳሲሊን ድርሻው ትልቅ ነው። ፋርማሲስቱ ደንበኛዎ ያለ ማዘዣ ስንቱን እንደመለሰ አንድ ቀን ይጠይቁልኝ።

ባለ ሉካንዳው (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያደረግሁትን ልንገራችሁና አንድ ጥያቄ ልጨምር።

ሆድ ዕቃው የሚታጠብበትንና የሚከተፍበትን ጠረጴዛ ወደ ጓሮ አወጣሁት፤ ቢላውና መክተፊያው በቀይ ቀለም ተለይቶ ለቁርጡ እንዳይውል ሆኗል። እስከ ትናንት ድረስ ጨጓራ የከተፈው ልጅ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሻኛ ይቆርጥ እንደነበር ስጽፍላችሁ አፍራለሁ። ነጋዴዬንም «መጨረሻ የተወጋው መቼ ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው» አለኝ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ሰንጋ ለሚቀጥለው ወር እንዲያቆየው ተስማምተናል፤ የሁለት ሳምንት መኖውን ከፊል እኔ እችላለሁ።

ጥያቄዬ ስለ ዱለት ነው። ለብለብ ቢደረግ ይበቃል ወይ?

የእንስሳት ሐኪም

አይበቃም። ጡንቻ ሳይፈጭ ከሆነ ባክቴሪያው ከላይ ብቻ ስላለ ፊቱን እሳት ካገኘው ብዙው ያልቃል። ዱለትና ክትፎ ግን ተከትፈዋልና ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ዱለቱ ደግሞ ከራሱ ከጨጓራው ነው የተሠራው። መሐሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለብለብ ሲባል ቅቤው ቀልጦ ሥጋው ገና ሞቅ ያለበት ደረጃ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደርም አይገድለውም፤ እንዳይራባ ብቻ ያቆየዋል። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላው የበለጠ እሳት አይችልም፤ ያው በዚያው ሙቀት ይሞታል። በዚህ በኩል ምጣዱ ከመርፌው ይልቅ ይታመናል።

ባለ ሉካንዳው (ጠያቂ)

እንግዲያው ጥሬና ለብለብ ዱለት ከነገ ጀምሮ አይቀርብም፤ ጥብስ ዱለት ብቻ። ቁርጡንና ክትፎውን ግን መተው አልችልም፤ ይህን ለጋሼ አንጋፋው በላተኛ ቃል እገባለሁ። ልጁ ምናሌውን ሲያስተካክል «ዱለት (የበሰለ)» ብሎ ጻፈ፤ የመጀመሪያው ደንበኛ አይቶ «በሬው ታሞ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

አንጋፋው በላተኛ

ቁርጡ ካለ እመጣለሁ። ቀዩን መክተፊያ ግን ከሩቅ አስቀምጥልኝ።